የማዙይ ብልቃጥ

መምህሩ ፊቱን አጨማዶ ሲወድቅ ተማሪዎቹ ሳቁ። ጃፓንኛ ገላጭ ቃላትን ሲያስተምር ልማዱ ነው፤ «አማይ» ከተጻፈበት ብልቃጥ ማር ይልስና ፈገግ ይላል፣ «ማዙይ» ከተጻፈበት ደግሞ የበሰበሰ የዓሣ ውሃ ተጎንጭቶ ፊቱን ያጨማድዳል። ማዙይ ማለት ሲቀምሱት የሚያስጠላ ነው። ዛሬ ግን የአይጥ መርዝ ነበረበት።

መርማሪው ብልቃጡን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። «ወይ ጉድ! ይሄን ሰው ይጠጣዋል?»

«በየቀኑ አንድ ጉንጭ! ቃሉን እንዳንረሳው ብሎ» አለች ተማሪዋ ነርስ እያለቀሰች። ነገ ለሥራ ወደ ጃፓን ልትበር ነበር፤ መድኃኒት ታውቃለች ተብላ ፓስፖርቷ ተይዞባታል።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ሁለተኛው ተማሪ፣ መካኒኩ። «ትናንት ጠጥቶ ምንም አልሆነም።»

የሟች ሚስት ከመኖሪያ ቤታቸው ወደ መማሪያ ክፍሉ ከሚያስገባው በር አላለፈችም። «እኔ ይሄን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ፊደላቸውንም አልለይም።»

ብልቃጡ ላይ በጃፓን ፊደል «ማዙይ» ተብሎ የተጻፈባት ካርድ ተዘቅዝቃ ተለጥፋለች። መርማሪው ሲነካት ጣቱን አወዛችው፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ትሸታለች። ወደ ማእድ ቤት ገባ። የድስቱ ክዳን ላይ የፕላስተር ምልክት አለ። ከቆሻሻው ሥር ደግሞ ያንኑ ግማት የያዘ፣ የራሱ ካርድ ያልተነቀለለት ሌላ ብልቃጥ አገኘ። አፍንጫውን ይዞ አወጣው።

ሁሉንም የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«እትዬ፣ እንደ ወትሮው ይቀመጡ።»

ከባሏ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ብልቃጡ ተቀይሯል» አለ መርማሪው። «አዲሱ ላይ የተለጠፈችው ካርድ ከድስት ክዳን የተነቀለች ናት። እነዚህ ሁለቱ ማንበብ ስለሚችሉ አይዘቀዝቋትም።» ካርዷን ክዳኑ ላይ፣ ወደ ባዶው ወንበር አዙሮ አስቀመጣት። «ባለቤትዎ እንዲህ ይለጥፏት ነበር። ለሳቸው ቀጥ ያለች ናት፤ ከእርስዎ በኩል ግን ተዘቅዝቃ ነው የምትታየው። እርስዎም በሚያውቋት መልኳ ለጠፏት።»

ሴትዮዋ ካርዷን ትክ ብላ አየቻት።

«ሃያ ዓመት» አለች። «የሠራሁትን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ካርዱን ይለጥፋል፣ ድስቱን ይገፋል። ያንን ግማት ግን በየቀኑ ይጠጣው ነበር።»

መርማሪው ፓስፖርቱን ለነርሷ መለሰላት። እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጠበ፤ ያስጠላው ግን የዓሣው ውሃ ብቻ አልነበረም።