ከአጥር ማዶ የተቀጠፈ ቅጠል

«እማማ፣ ኧረ ይተዉት! ዓይኔ ጠፋ!»

ፀደንያ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ሳበችው። ሰማዩ ገና መንጋቱ ነው። አያቷ እማማ ዓለምሸት ግን የክፍሉን በር ከፍተው፣ ደጃፉ ላይ ከሰል አያይዘው፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ በድንጋይ ይደቁሳሉ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። በመሃል በመሃል ለብቻቸው ይስቃሉ። ማሰሮዋ መንተክተክ ስትጀምር ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ያስጠጉላታል፤ ልክ የሆነ ወሬ እንደምትነግራቸው።

ማሰሮዋ ውስጥ ያለው ጨሞ ነው፤ ከቅመም ጋር የሚፈላ የቡና ቅጠል። እማማ ዓለምሸት ያለ ጨሞ ቀን ነጋ አይሉም።

ገጠር ያለው ቤታቸው በበልጉ ዝናብ ከተደረመሰ ወዲህ ሚዛን ከተማ ልጃቸው ቤት ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቤቱ የጦር ሜዳ ሆኗል። የፀደንያ እናት ማናልሞሽ፣ «መጋረጃዬ ሸተተ፣ ግድግዳዬ ጠቆረ» ትላለች። ፀደንያ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊደርስባት አንድ ወር ሲቀራት ክፍሏን ተነጥቃለች። አልጋዋ ለአያቷ ተሰጠ፤ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት። ማታ ማንኮራፋት፣ ጠዋት ጭስ።

አባቷ ይስሐቅ በቴፒ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ባለፈው ቤት ሲገባ ጭቅጭቁ ቢሰለቸው፣ «ከእንግዲህ አንድ ነገር ብሰማ እናቴን ማሻ ከተማ ወንድሜ ጋ እወስዳታለሁ፤ አለቀ!» ብሎ ነበር። ፀደንያ ለማንም አትናገረው እንጂ ያ «አንድ ነገር» ቶሎ እንዲመጣ እየጠበቀች ነው።

ጨሞው ሲደርስ እማማ ዓለምሸት እንደ ወትሯቸው በቅል ቀድተው ወደ አጥሩ ሄዱ። በጎረቤቱ ግቢ በኩል ቆመው በቤንችኛ ጮክ ብለው ተጣሩ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ምን ቀራቸው፣ ድምፃቸው ግን የገበያ ነው። መንገድ ላይ ውሃ ይዘው የሚያልፉ ሴቶች ሳቁ። አንዷ ድምፃቸውን አስመስላ መልሳ ተጣራች።

«አሁንስ ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አደረገን!» አለች ማናልሞሽ ከሳሎን። «ማንን ነው በጠዋቱ የሚጠሩት? አንቺ፣ ዝም አስብያቸው!»

ፀደንያ ከብርድ ልብሱ አልወጣችም። የአያቷን ቋንቋ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤት የክፍሏ ልጆች እነሳባ ሙድ ከያዙባት ወዲህ ቤንችኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

እማማ ዓለምሸት የሚመጣ ሲጠፋ ተመለሱና በሩ ሥር ቁጭ ብለው ፉት አሉ። ያቺ የመጀመሪያ ፉት እንዴት ታስደስታቸው እንደነበር! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሚጥሚጣው ሲያቃጥላቸው እግራቸውን መሬት ይመታሉ፤ እንደ ሕፃን።

የዚያን ዕለት ግን ቅሉን ሳያጋምሱ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተነሳ።

«ዛሬ አርጄ ነው የምበላት! ምስክር ሁኑ!»

ጎረቤታቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ቤንችኛ አይሰሙም። በአጥራቸው ጥግ አሥራ ሁለት የቡና ተክል አላቸው። በበጋ በጀሪካን ውሃ እየተሸከሙ፣ በሳር እየሸፈኑ እንደ ልጅ ነው ያሳደጉት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያብባል ብለው ይጠብቁ ነበር። አሁን የተክሎቹ ጫፍ ጫፍ ለጋ ቅጠሉ ተለቅሞ መለመላውን ቀርቷል። ግቢያቸው መሃል አንዲት ቀይ ፍየል አጭር ገመድ ተደርጎላት ትጮሃለች። በሩ ላይ የፀደንያ የክፍል ጓደኛ ናስር ቆሟል።

«ጋሼ፣ ወላሂ ታስራ ነው ያደረችው! አሁን ነው ያመለጠችው!»

«ዝም በል! ቅጠሉን ታዲያ መልአክ በላው? ሂድ እናትህን ጥራ፤ ቢላዋም ይዛ ትምጣ!»

ፀደንያ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አያቷ አጠገብ ወዳለው ሰፌድ ሄደ። ለጋ የቡና ቅጠል፤ ጤዛው እንኳ አልደረቀም። ያ አንድ ነገር ይኸው መጣ።

«ይሄን ከየት አመጡት?» አለች ሰፌዱን እየጠቆመች።

እማማ ዓለምሸት ጥያቄው ገባቸው። ፈገግ ብለው በአገጫቸው አጥሩን አሳዩአት። «ከዚያ ሰውዬ ነዋ» አሉ በቋንቋቸው። «ፍሬ ቢኖረው አልነካም ነበር፤ ፍሬ የባለቤቱ ነው። ቅጠል ግን የትም ይቀጠፋል፤ ሲፈላ ባለቤቱ ይጠራል። እኛ ጋ እንዲህ ነው። ይኸው ስንት ቀን ጠራሁት፤ አንድ ቀን አልመጣም። ያመዋል እንዴ?»

ፀደንያ ወደ አጥሩ አየች። ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት ያ ጥሪ ለካ ለጋሽ ሸዋንግዛው ነበር። ና ጠጣ፣ ድርሻህ ነው እየተባሉ።

ማናልሞሽ በሩ ላይ ደረሰች። ሰፌዱን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ነጠላዋን አውልቃ ቅጠሉ ላይ ጣለችበትና የልጇን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ስሚ፤ ፍየል ነው ብለዋል፣ ፍየል ይሁን። የማናልሞሽ አማት አጥር ዘላ ሰረቀች ልባል ነው? አፍሽን ያዢ!»

«እማዬ፣ የናስርን ፍየል ሊያርዷት እኮ ነው።»

«ይረዷት! የኔ ፍየል ናት?»

ብትናገር ክፍሏ የሷ ነው። ቅዳሜ አያቷ ማሻ ይገባሉ፤ ጭስ የለ፣ ማንኮራፋት የለ። ይህን ነበር ስትመኝ የከረመችው። ከአጥሩ ማዶ ግን ፍየሏ አሁንም ትጮሃለች። ክንዷን መንጭቃ በባዶ እግሯ ወጣች።

«ጋሼ፣ ፍየሏን ይልቀቋት። ፍየል አይደለም የበላው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ዞሩ። «ማነው ታዲያ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። እማማ ዓለምሸት ቅላቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ መጡ። በመጨረሻ ሰውየውን በማግኘታቸው ፊታቸው በርቷል። ቅሉን ለጋሽ ሸዋንግዛው ዘረጉላቸው።

«አያቴ ናቸው» አለች ፀደንያ ቶሎ ቶሎ። «ቅጠሉን እሳቸው ናቸው የቀጠፉት። ስርቆት አይደለም ጋሼ። እነሱ ጋ ቅጠል የቀጠፈ ሰው አፍልቶ ባለቤቱን ይጠራል። በየጠዋቱ የሚጠሩት እርስዎን ነበር። ይኸው፣ ይሄ የእርስዎ ድርሻ ነው።»

«ድርሻ?» ጋሽ ሸዋንግዛው ቅሉን በእጃቸው ጀርባ መቱት። ጨሞው በእማማ ዓለምሸት ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። «ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ቡና መልሳ ለኔ ልታጠጣኝ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አጥር እንዳትደርስብኝ ንገሪልኝ!»

የፍየሏን ገመድ ፈተው ናስር ላይ ወረወሩት። ናስር ፍየሏን እየጎተተ ሲያልፍ ፀደንያን ቀና ብሎ አያት።

እማማ ዓለምሸት እርጥብ ቀሚሳቸውን ይዘው ቆመዋል። «ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

አልጠማኝም አሉ ብትላቸው ያልፋል። አያቷ ግን ነገም ከነገ ወዲያም መጥተው ይጣራሉ፣ ሰፈሩም ይስቃል። ፀደንያ ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ያያሉ፤ ሳባም ከእነሱ ጋር አለች። ምራቋን ዋጠችና፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቤንችኛ ተናገረች። ቃላቱ እየተሰባበሩባት፣ አንዱን ሁለቴ እየጀመረች። እዚህ ቅጠልም ባለቤት አለው አለቻቸው። ሰውየው ተቆጥተዋል፣ እንደ ሌባ ነው ያዩዎት አለቻቸው።

ሳባ ኪ ብላ ሳቀች።

እማማ ዓለምሸት ግን የልጅቱን አፍ እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ባዶውን ቅል ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ከሰሉ ላይ ውሃ ደፉበት።

በማግሥቱ ፀደንያ ጭስ ሳይቀሰቅሳት ነቃች። ጧ ጧ የለም። አያቷ አልጋው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ግን ተገልጧል። ደብተሯን ከፈተች። ስትመኘው የነበረ ፀጥታ ነው፤ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ አንብባ አንዲት መስመር እንኳ አልገባትም።

ሳሎን ውስጥ እናቷ በስልክ ትጮሃለች። «ቅዳሜ ካልወሰድካቸው እኔ ነኝ የምወጣልህ!» ትንሽ ቆይታ ክፍሉ ገባችና ስልኩን ፀደንያ ጭን ላይ ወርውራ ወጣች።

«ፀዲ፣» አለ አባቷ፤ ከኋላው የመነኸሪያ ጥሩምባ ይሰማል። «እናትሽ ሁሉንም ነገረችኝ። በቃ፣ ማሻ አደርሳታለሁ። አንቺም ለፈተናሽ ክፍልሽን ትፈልጊያለሽ።»

ፀደንያ ወደ አልጋው ተመለከተች። አያቷ የልጃቸውን ድምፅ ለይተው አንገታቸውን ቀና አድርገዋል።

«አባዬ፣ ስትመጣ የቡና ችግኝ ይዘህ ና። አምስት ስድስት ይበቃል።»

«ችግኝ? ለምንሽ?»

«መስኮቴ ሥር ልተክለው፤ እማማ ከራሳችን እንዲቀጥፉ።»

«ፀዲዬ፣ የሚቀጠፍ ቅጠል እስኪኖረው ዓመት ሊፈጅ ይችላል እኮ።»

«ይፍጅ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ደብተሩ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ በሩ ላይ ቆማ እንደሰማቻት ያወቀችው በሩ ድው ብሎ ሲዘጋ ነው። ፀደንያ ጫማዋን አጠለቀች፤ ከጓሮ ዶማ ይዛ መጣችና መስኮቱ ሥር ያለውን ድንጋያማ መሬት መቆፈር ጀመረች።