አሥራ ሁለተኛው ካሴት

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ በቪዲዮ ክፍላቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንድ ሰው ጋቢ አልብሷቸዋል። ኢንስፔክተር እማዋይሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ከግራ ጆሯቸው በላይ ያለውን ቁስል አየች። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ዞረች። በብረቱ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል፤ ጥቂት ሽበትም ተጣብቆበታል።

«በዱላ አልተመቱም» አለች። «ተገፍተው ነው የወደቁት።»

ሚሊሺያው በሩ ላይ ቆሞ ጭጋጉን ያያል።

እማዋይሽ ከደብረ ብርሃን ተነስታ አንኮበር ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። የነሐሴ ዝናብ መንገዱን ከላይ ስለናደው መኪናዋን ትታ በጭቃው ዳር ዳሩን በእግሯ አለፈች። ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ በታች ተቆርጧል፤ በዚያኛው በኩል እግረኛም አያልፍም። ቤቱ ከሁለቱ መካከል፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው። ጭጋጉ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል።

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«አራት። ሦስቱ ሳሎን ናቸው። አንዱን እህል ጓዳ ቆልፈውበታል።»

«ማን ቆለፈበት?»

«እነሱው ናቸዋ።»

እማዋይሽ ወደ መደርደሪያው ዞረች። አሥራ ሁለት የቪዲዮ ካሴቶች ተሰልፈዋል። በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ «የብረት ደመና» ይላል፤ ከሥሩ ቁጥር አለው። ፊልሙን ታውቀዋለች። በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በጠፈር የምትሄድ መርከብ በብረት ደመና ውስጥ ተዘግታ ትቀራለች፤ ሰዎቿ መውጫ ይፈልጋሉ። ቴሌቪዥኑ አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ አቋረጠው። መውጣት አለመውጣታቸውን ሳታውቅ አደገች።

አሥራ ሁለተኛውን ካሴት ከማቀፊያው አወጣች። በትንሿ መስኮት አሻግራ አየችው፤ ሪባኑ በሙሉ ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኗል። በጠርዙ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በፕላስተር ተሸፍናለች። ፕላስተሩ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ከዚያ የቪዲዮ ማጫወቻውን፣ የዴኩን፣ የካሴት ማውጫ ቁልፍ ተጫነች። መብራት ስለሌለ አልተነቃነቀም። በጣቷ ክዳኑን ገፋ አድርጋ አየች። ባዶ ነው።

«መብራት መቼ ጠፋ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት። እስካሁን አልመጣም» አለ ሚሊሺያው።

ካሴቱን ቦታው መልሳ ወጣች።

የሟች እህት ወይዘሮ ወለተሐና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አብጧል።

«ወንድሜ ደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ካሴትም ያከራይ ነበር» አሉ። «ይህ የመጨረሻው ካሴት ጠፍቶ ነው የኖረው። ዘንድሮ የድሮውን ሣጥን ሲፈታ ከሥር አገኘው። እንደ ልጅ ዘለለ፣ ልጄ። እነዚህን ሰዎች የጠራው አብረው እንዲያዩት ነው።»

«ብቻቸውን ምን ያደርጉ ነበር?»

«ለሰው ከማሳየቱ በፊት ራሱ ያየዋል። ነውር እንዳይኖርበት፣ የተበላሸ እንዳይሆን። ድሮም ልማዱ ነው። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ…»

ሳምሶን ሁለተኛው ነው። ወፍራም፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ ሰው። በቪዲዮ ቤቱ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን ለተመልካች በአማርኛ የሚናገር እሱ ነበር።

«እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

«እኔ? አልችልም እኮ!» አለ ሳምሶን። «የተዋናዮቹን አፍ እያየሁ ነበር የምናገረው። ሲቆጡ እቆጣለሁ፤ ሲያለቅሱ አለቅሳለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ተመልካች አልከሰሰኝም።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከምሳ በኋላ ተኛሁ። እኔ ስተኛ ተራራው ቢናድም አልሰማ። ደግሞም ተንዷል፤ አልሰማሁም።» ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «ጋሼ ግን ደስ ብሎት ነበር። ኃይሌ በምሳ ላይ ‹አሮጌ ካሴት ነው፣ እኔ ልፈትሸው› ቢለው እንኳ እምቢ አለ። ‹ዛሬስ ማንም አይቀድመኝም› አለ።»

እማዋይሽ ከመደርደሪያው ይዛ የወጣችውን አምስተኛ ካሴት አቀበለችው። ሪባኑ መሐል ላይ ነው።

«ይህን መደርደሪያው ላይ ይመልሱልኝ።»

ሳምሶን ተቀብሎ ሄደ፤ ካሴቱን ገልብጦ ከሌሎቹ ጋር ወተፈው።

ሦስተኛው ኃይለኢየሱስ፣ ሳምሶን ‹ኃይሌ› ያለው ሰው ነው። ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በካሴት ማከራያው መስኮት ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጦ ሠርቷል።

«ከጣሪያው ሥር እንጨት እፈልጥ ነበር» አለ። «የፊልሙ ድምፅ በደንብ ይሰማል። የመርከቧ የአደጋ ደወል። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጮህ ነበር። ከዚያ ጋሼ መብራቱን ሲረግሙ ሰማሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በጆሮዬ። እንጨቱን ይዤ ወደ ኋላ ዞርኩ። አሥር ሰዓት ላይ ዓብዱራህማን ከውጭ መጣ፤ ሰገደ፤ ወደ ቪዲዮው ክፍል ገባ። እጁ ደም ሆኖ ወጣ። እኔና ሳምሶን ያዝነው።»

«የጓዳው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ኃይለኢየሱስ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እሷም አምስተኛውን ካሴት አመጣችና ሰጠችው። «ይህን ይመልሱልኝ።»

ተቀበላት። በመስኮቷ አሻግሮ አየው። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በካሴቱ ሆድ ወዳለችው ቀዳዳ አስገባና ጎማውን በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ወዲያው እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አያት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ሳያጠነጥን የመለሰ ይቀጣ ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ ቀጥተውኛል፤ ተማሪ ሳለሁ።»

እህል ጓዳው ጨለማ ነው፤ የገብስና የአይጥ ሽታ አለው። ዓብዱራህማን በጆንያዎች መካከል ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ።

«መንገዱ ተከፈተ?» አለ መጀመሪያ።

«ለነገ ጠዋት እናደርሳለን ይላሉ።»

«ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ የልጄ የሰብሪና ኒካሕ ነው፣ ኢንስፔክተር። እናቷ ብቻዋን እንግዳ ትቀበላለች። ወሊዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልድራት ኒካሑ አይታሰርም። ዕድሜ ልኬን ከአሊዩ አምባ ጨው እያመጣሁ ስነግድ ስሜ በክፉ አልተነሳም፤ ነገ ሙሽራው ቤት ‹አባቷ ሰው ገድሎ ታሰረ› ሲባል…» ወደ ተከፈተው በር ቀና አለ። «እዚህ ውስጥ አየር የለም።»

«ሰው ስለ ገደለ ነው የቆለፍንበት ይላሉ።»

«ወላሂ አልገደልኩም። ከምሳ በኋላ ወርጄ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ መንገዱን የሚከፍተውን ዶዘር ስጠብቅ ነበር። ወፍጮው ቀጥ ሲል ተነሳሁ። ስመጣ የዐስር ሶላት ደርሶ ነበር፤ ሰገድኩ። ጋሼን ልሰናበት ገባሁ። ወድቀዋል። ራሳቸውን ቀና ሳደርግ ደሙ እጄ ላይ ቀረ። ሳላስበው ጮኼ ወጣሁ።»

«ማን ነው መጀመሪያ የያዘዎት?»

«ኃይሌ» አለ። «የድሮ ጓደኛዬ ነው።»

እማዋይሽ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደች። ሴቶች በከፊል የተፈጨ እህላቸውን ይዘው መብራት ይጠብቃሉ። ወፍጮ ፈጪው ዱቄት በዱቄት ሆኗል።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጥ አለብኝ» አላት። «የአሊዩ አምባው ነጋዴ? እዚህ ድንጋይ ላይ ነበራ! ከስምንት ሰዓት በፊት መጥቶ ‹ዶዘሩ ደረሰ ወይ› እያለ ሲያደርቀኝ ነው የዋለው። ወፍጮው ሲቆም ሄደ።»

ተመለሰች። ዓብዱራህማንን ከጓዳ አስወጥታ ከሌሎቹ ጋር ሳሎን አስቀመጠችው። የውጭውን በር ዘጋች።

«መብራት እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለች።

ጠበቁ። ጭጋጉ መስኮቱን ደፍኖታል፤ ቤቱ ከምድር የተቆረጠ ይመስላል። ሳምሶን ተነስቶ ይቀመጣል። ወይዘሮ ወለተሐና ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ዓብዱራህማን መዳፉን መዳፉ ላይ አድርጎ በሩን ያያል።

«እኛም ደመናው ውስጥ ገባን» አለ ሳምሶን።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አምፖሉ ብልጭ አለ። ከታች የወፍጮው ድምፅ ተነሣ። ሳምሶን «እሰይ!» አለ። ወይዘሮ ወለተሐናም ተመስገን አሉ። ኃይለኢየሱስ አምፖሉን አላየም። በተከፈተው የቪዲዮ ክፍል በር በኩል ዴኩን አየ።

እማዋይሽ ይህን ስትጠብቅ ነበር። ሬሳው ወደ መኝታ ክፍል ተዛውሯል። ሁሉንም ወደ ቪዲዮው ክፍል አስገባቻቸው።

«አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ስምንት ሰዓት ላይ ይህን ካሴት አስገብተው ማየት ጀመሩ» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ፊልሙ እስከዚያች ደቂቃ ይጮህ ነበር ብለዋል። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ካሴት የት ይሆናል?»

«ዴኩ ውስጥ ነዋ» አለ ሳምሶን። «መብራት ካልመጣ አይወጣም። ከስንቱ ደንበኛ ጋር አጣልቶናል!»

«መብራት አልመጣም። እኔ ግን ዛሬ ካሴቱን መደርደሪያው ላይ አገኘሁት፤ እስከ መጀመሪያው ተጠንጥኖ። ስለዚህ የወጣው መብራት ሳይጠፋ ነው። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ሰማሁ ያሉት ደወል በዚያች ሰዓት አልነበረም።»

ኃይለኢየሱስ ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል። ጋሼ ራሳቸው አይተው ጨርሰው መልሰውት ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። መብራቱን ሲረግሙ መስማትዎስ?»

ኃይለኢየሱስ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

«ሟቹ መብራት ከጠፋ በኋላ በሕይወት ነበሩ እንዲባል የፈለጉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ በፊት ዓብዱራህማን ወፍጮ ቤት ነበር፤ ወፍጮ ፈጪው ያውቃል። ሞቱ ከዚያ በኋላ ካልሆነ በእሱ ላይ አይላከክም።» ካሴቱን አንሥታ ጠርዙን አሳየቻቸው። «ይህች ቀዳዳ ለምን በፕላስተር ትደፈናለች?»

«ሌላ ነገር ሊቀዱበት ሲፈልጉ» አለ ሳምሶን በቀስታ። ከዚያ ወደ ኃይለኢየሱስ ዞረ። «ኃይሌ?»

«ደወሉ እስከ መጨረሻው ይጮህ ነበር ብለዋል» አለች እማዋይሽ። «እንስማው።»

ካሴቱን አስገባች።

ሙዚቃው መጣ። መርከቧ በግራጫ ደመና ውስጥ ተንሳፈፈች፤ በልጅነቷ የምታውቃቸው ፊቶች አሥራ አንደኛው ክፍል በተዋቸው ቦታ ቆመዋል። አዛዡ እጁን ወደ በሩ እጀታ ዘረጋ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሪባኑ እዚህ ቦታ ተጨማዷል። ስክሪኑ በነጭ ጠብታ ተሞላ። ከዚያ ክራር ተሰማ።

ድንኳን። ጭብጨባ። ገና ጢሙን በቅጡ ያላወጣ ቀጭን ሙሽራ በትልቅ ኮት ውስጥ ተውጧል። አጠገቡ ቬሏን ነፋስ የሚያስቸግራት ሙሽራ፣ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጃንጥላ ይዞላት የሚሄድ ወጣት ዞሮ ካሜራውን አየ።

«ያ እኔ ነኝ» አለ ዓብዱራህማን።

ኃይለኢየሱስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ባዶ ካሴት አልነበረኝም» አለ። «ሰርጌ በነጋታው ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ወሰድኩና ለጋሼ ደንበኛ አጠፋው አልኳቸው። ቤቴ ማጫወቻ ስላልነበረ ሱቁ ውስጥ ደብቄ ነበር የማየው። ሱቁ ድንገት ሲዘጋ ሣጥኑ ወደዚህ መጣ። እሷ ስትሞት… ሌላ የላትም። ስትስቅ የምትታይበት ሌላ የላትም።»

«ትናንት ምን ሆነ?» አለች እማዋይሽ።

«ጋሼ ጮኸው ጠሩኝ። ‹በዚህ ሁሉ ዓመት እየዋሸህ እንጀራዬን በላህ› አሉ። ካሴቱን አስወጥተው ሪባኑን መመዘዝ ጀመሩ። እሷን ነው የመዘዟት። ገፋኋቸው። ካሴቱን ነበር የያዝኩት፤ እሳቸውን አልያዝኳቸውም።»

«ሪባኑን መልሰው፣ አጠንጥነው፣ በማቀፊያው ከትተው ቦታው አስቀመጡት።»

«አሥራ አንድ ብቻ ቢሆኑ ይታወቃል። ማጠንጠኑን ግን አላሰብኩትም። እጄ ነው ያደረገው።»

ወይዘሮ ወለተሐና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በቴሌቪዥኑ ሙሽራው በእጁ ለአንድ ሰው ምልክት ይሰጣል፤ ከትልቁ ድንኳን ፈንጠር ብላ ወደተተከለች ትንሽ ድንኳን።

ዓብዱራህማን ስክሪኑን እያየ ተናገረ። «ያቺን ድንኳን ለእኔና ለእስላም ጓደኞችህ አስተከልክ። በጉን ሼኹ እንዲባርኩ አሊዩ አምባ ድረስ ሰው ላክህ። ‹ያለ ዓብዱ ሰርግ የለኝም› አልክ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «ትናንት ጓዳውን ስትቆልፍብኝ የሰብሪናን ኒካሕ ታውቅ ነበር። እኔው ነኝ የጠራሁህ።»

«አውቅ ነበር» አለ ኃይለኢየሱስ።

«በሩን ስደበድብ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

ዓብዱራህማን ካፖርቱን አነሣ። እማዋይሽ በሩን ከፈተችለት። ጭጋጉ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ከታች የዶዘሩ ሞተር ይሰማል። ደጃፉ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳያይ ቁልቁለቱን ጀመረ።

«መርከቧ ታዲያ ወጣች ወይስ አልወጣችም?» አለ ሳምሶን ለማንም ሳይሆን።

ሚሊሺያው ኃይለኢየሱስን በክንዱ ያዘው። እሱ ወደ ዴኩ ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ ካሴቱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ከዚያስ?»

ሙሽራዋ በስክሪኑ ላይ ቬሏን እየያዘች ትስቃለች። እማዋይሽ ማጫወቻውን አቆመች። ካሴቱን ከማውጣቷ በፊት የማጠንጠኛውን ቁልፍ ተጫነች፤ ዴኩ ሪባኑን እየሳበ ወደ መጀመሪያው እስኪመልሰው ድረስ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ።