የሻንጣው ወንበር

አጎቴ ሰው አያባርርም። ሰው በገዛ እግሩ ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ ያስቀምጠዋል እንጂ።

የእግር ኳስ ክለባችን ፕሬዚዳንት እሱ ነው፤ ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ። አባቴ ሲሞት እኔንና እማዬን ግቢው ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ያስጠጋን እሱ፣ ሥራ የሰጠኝም እሱ። ስለዚህ «ጋሼ» ብዬ ስጠራው ድምፄ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ምስጋና መኖር አለበት። አንድ ቀን ከጎደለ ያውቃል፤ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ይለኛል። ደህና ነኝ እላለሁ።

ያን ዓመት የመጣውን አሰልጣኝ ደጋፊው «ሻንጣው» ይለው ነበር። ገና ወጣት ሳለ ጉልበቱ ተበላሽቶ መጫወት ሲያቅተው ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ያልሄደበት የለም። ደሴት ላይ አሠልጥኗል፣ በረሃ ውስጥ አሠልጥኗል፣ በረዶ ከመሬት በማይነሳበት ከተማም አሠልጥኗል። አርባ ሳይሞላው የስንቱን አገር አየር ማረፊያ ያውቃል፤ የራሴ የሚለው ድስት ግን ኖሮት አያውቅም። እኛ ጋ አመጣጡ ጥሩ ነበር፤ ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። ታዲያ አጎቴ የወዳጁን ልጅ አጥቂ አድርጎ እንዲያሰልፍለት ጠየቀው።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለ ሻንጣው። «ሲሮጥ ግን ኳሱን ይረሳዋል።»

አለቀ። አጎቴ ምክትሉን ዋና አሰልጣኝ አደረገና ሻንጣውን «የቴክኒክ አማካሪ» ብሎ ሾመው። ሹመት እንዳይመስላችሁ። ውሉ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ካባረሩት የቀረውን ሊከፍሉት ነው፤ ራሱ ፈርሞ ከሄደ ግን ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ መመሪያ ወጣ። አማካሪው በሥራ ሰዓት ሁሉ ቢሮ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ሳያስፈቅድ ከወጣ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። ማንን እንደሚያማክር የነገረው የለም። ትርፍ ቢሮ ስላልነበረ ጠረጴዛውን እኔ ክፍል አስገቡለት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርገው።

የእኔ ክፍል ከተመልካቹ መቀመጫ ስር ናት። ጣሪያዋ ደረጃውን ተከትሎ ወደ አንድ ጎን ስለሚወርድ፣ በዚያ በኩል ጎንበስ ያላለ ሰው ግንባሩን ይመታል። መስኮቷ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ፣ ከሜዳው ሣር ጋር እኩል የሆነች ናት። በእሷ በኩል የሰው እግር ብቻ ነው የሚታየው።

መጀመሪያ ቀን ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «ጠባቂዬ አንቺ ነሽ ማለት ነው?» አለኝ።

«ጸሐፊ ነኝ።»

«ጸሐፊ ከሆንሽ ጻፊያ። እኔን ምን ታዪኛለሽ?»

እያየሁት መሆኔን አላወቅኩም ነበር። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። አጎቴ ነው። «አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ዘጋው። ከዚያ በኋላ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንደዚያ ሆነ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አለ?» «አለ።» ሻንጣው በየጊዜው ይሰማል። እኔም ዘበኛ ሳይሆን ጸሐፊ ለመምሰል ወረቀት አገላብጣለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ስንት ጊዜ ይቆያል? እኛ ብዙ ቆየን። በኋላ ሻይ ስቀዳ ለእሱም መቅዳት ጀመርኩ፤ እሱም ማውራት ጀመረ። ደሴቱ ላይ ለጨዋታ የሚሄዱት በጀልባ ነበር አሉ፤ በረኛው ባሕር የማይስማማው ሰው ነው። «ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት በባሕሩ ተሸንፈን እንደርሳለን» አለኝ። እየሳቅኩ ሻዬን ደፋሁት።

«ቋንቋውን እንዴት ያደርጉ ነበር?» አልኩት፤ ያኔ ገና አንቱ እለዋለሁ።

«በየሄድኩበት መጀመሪያ የምማረው ‹ከኋላህ ሰው አለ› የሚለውን ነው። በአምስት ቋንቋ እችለዋለሁ። ‹እንዴት አደራችሁ› የሚለውን ግን በአንዱም በደንብ አልያዝኩትም።»

«ለምን?»

«ሳልለምደው ያባርሩኛላ።»

አብሬው ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ልምምድ ሲጀመር እዚያች መስኮት ሥር አንገቱን ሰብሮ ይቆማል። እግራቸውን እያየ ሁሉንም ያውቃቸዋል። «የግራ ተከላካዩ ቁርጭምጭሚቱን አሞታል፤ ሲቆም ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ነው የሚጥለው። ምክትሉ አላየውም።» ለእኔ ጫማ ብቻ ነበር። እያሳየኝ እያሳየኝ እኔም መለየት ጀመርኩ፤ ማን እንደደከመው፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ኳስ ሳይሰጡት እንደዋለ። ሥራዬን ትቼ ከጎኑ እቆም ጀመር።

አንድ ቀን ከፊቴ ሆኖ ሲከልለኝ «ፈቀቅ በል፣ አላይም» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ፈቀቅ በል?»

«ይቅርታ፣ ይበሉ ለማለት...»

«ኧረ በል ይሻለኛል።»

ፈቀቅ አለ፤ ግን መስኮቷ ጠባብ ናት። ትከሻው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለታችንም ሜዳውን እያየን አንዳችንም ሜዳውን አናይም። አተነፋፈሱ ይሰማኛል። ስልኩ ጠራ። «አለ?» አለ አጎቴ። «አለ» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ» አልኩት።

ወደድኩት። ምኑን አወሳስበዋለሁ፣ ወደድኩት። ጠዋት ደረጃውን ሲወርድ ኮቴውን ስሰማ ልቤ ቦታው ላይ አይቆምም ነበር። ግን በሩን ገፍቶ ሲገባ ፊቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠፋ መሆኑንም አያለሁ። መጀመሪያ ላይ የወረቀት መያዣዎቼን ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ቡድን ያሰልፍባቸው ነበር፤ ያንን ተወ። ቀጥሎ ሻዩን መጠጣት ተወ። በመጨረሻም ልምምድ ሲጀመር ከወንበሩ አልነሳ አለ። ሜዳ የለመደ ሰው ግድግዳ ሲያይ ውሎ ማታ ላይ «ደህና እደሪ» ሲለኝ ድምፁ የሽማግሌ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ፣ እንዲህ እየሆነም፣ ነገም እንዲመጣ እፈልጋለሁ። በመምጣቱ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝም ራሴን እጸየፋለሁ።

በዚህ መሀል ሩቅ አገር ያለ ክለብ ፈለገው። ስልኩን ሲያናግሩት ሰማሁ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ነፃ ሆኖ መምጣት አለበት። አጎቴ ዘንድ ወጥቶ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ሂድ አለኝ።»

«ታዲያ ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም።»

«ለገንዘቡ ብለህ ነው?»

ወንበሩን ከግድግዳው አዞረው።

«ብሄድ ትመጫለሽ?» አለኝ።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አበባ ይዞ፣ ጥሩ ለብሶ ይጠይቃል ይባላል። እሱ ጥግ ላይ ያለውን ጣሪያ እንዳይመታው አንገቱን አዘንብሎ ጠየቀኝ።

«እማዬስ?»

«ይምጡ እሳቸውም።»

«እማዬ ከዚያ ግቢ አትወጣም። ካለ እሱ ቤት መኖር አትችልም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የኖረችበት ነው።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«እናቴን አውቃታለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ» ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው መለሰው።

ሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ። አላልኩትም። ሩቁ ክለብ እንደገና ደወለ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ መልስ ካልሰጠ ሌላ ሰው እንደሚወስዱ ነገሩት። እሱ «እናያለን» ብሎ ዘጋ።

የሳምንቱ መጨረሻ ሳይደርስ ጎረቤት ደወለችልኝ። እማዬ ደጃፍ ላይ ወድቃ መነሳት አቅቷታል። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት። ሻንጣው በሩን ከፍቶ ቆሟል።

«አንተ መውጣት አትችልም» አልኩት።

«ነይ ቅደሚ» አለኝ።

እማዬን ከመሬት ያነሳት እሱ ነው። ታክሲ ውስጥ እግሯ እንዳይነካ ጭኑ ላይ አስተኝቷት ሄደ፤ ሐኪም ቤትም ተሸክሞ አስገባት። ዳሌዋ ተሰንጥቋል አሉን። መተኛት አለባት እንጂ ትድናለች። ኮሪደሩ ላይ የእማዬን ነጠላ ጫማ በአንድ እጁ እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ያን ጊዜ ቀትር ሆነና ስልኬ ጠራ።

አጎቴ ነው። እማዬ መውደቋን ልነግረው «ጋሼ» ስል «ቢሮ ደውዬ አታነሺም። አለ?» አለኝ።

ፊት ለፊቴ ነው። ሸሚዙ እማዬን ሲያነሳ አቧራ ነክቶታል። «አለ» ብል ነገም ያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይቀመጣል፤ እኔም ሻይ እቀዳለሁ። ሩቁ ክለብ ሌላ ሰው ይወስዳል። ከዚያ እስኪያረጅ ድረስ ግድግዳ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

«የለም» አልኩ።

«የለም? እርግጠኛ ነሽ?»

«ቢሮ ውስጥ የለም። ሳያስፈቅድ ነው የወጣው።»

«ጎበዝ!» አለ አጎቴ፤ እንዲህ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። የወንድሙ ሚስት የት እንዳለች ልነግረው ስል ዘግቶታል።

ሻንጣው ጫማውን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠ። «ምን አደረግሽ?»

«ፈታሁህ።»

«ማን ፍቺኝ አለሽ?» ድምፁን ሲያነሳ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «በፈለግኩ ቀን ፈርሜ መሄድ እችል ነበር እኮ! ነይ ስልሽ አልመጣም ስላልሽ ነው እዚያ የተቀመጥኩት...»

«ለምን እንደተቀመጥክ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የለም ያልኩት።»

አለቀስኩ። እሱም ሊቆጣ ፈልጎ አልሆንለት አለ። አንዲት ነርስ አልፋን ሄደች። በዚህ መሀል ከክፍሉ ውስጥ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«ወይ ግቡ ወይ በሩን ዝጉት! ግማሹን እየሰማሁ ግማሹ እያመለጠኝ ሕመሜን አባሳችሁት።»

ገባን። እማዬ ትራስ ላይ ደግፈዋታል፤ ዓይኗ ግን ከሁላችንም የነቃ ነው።

«ሰውዬው ነይ ከእኔ ጋር ሲልሽ ምን አልሽው?»

«እማዬ፣ አሁን ይኼ...»

«ምን አልሽው?»

«እናቴ ከግቢው አትወጣም አልኩት።»

«እኔ?» ልትነሳ ፈልጋ ዳሌዋ ያዛት። «እኔ አልወጣም አልኩሽ? እኔ እዚያ ቤት የተቀመጥኩት እኮ ብንወጣበት አጎትሽ ሥራሽን ይነጥቅሻል ብዬ ነው! ይኸው ስንት ዓመት ‹ጋሼ፣ ጋሼ› እያልኩ ደጁን ስጠርግለት! ያን ሥራ ወድደሽው መስሎኝ!»

«እኔ ደግሞ ቤቱን ወድደሽው መስሎኝ...»

እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ፣ እሱ ለእኔ ብለን ሦስታችንም ተቀምጠናል፤ በሩ ላይ ደግሞ የቆመ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት፤ ስትስቅ ያማታል፣ ሲያማት ትቆጣለች፣ ተቆጥታም ትስቃለች።

«አንተ ነህ ሻንጣው የሚሉህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲህ ሻንጣ ባዶውን አይጓዝም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ደከማት።

እሱ በሳምንቱ መጨረሻ ሄደ። እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ እማዬ ገና መቆም አልጀመረችም፣ የሐኪም ቤቱም ቀጠሮ አላለቀም። እና እንደገና እዚያው ክፍል ገባሁ፤ አሁን ብቻዬን። ባዶውን ወንበር የወሰደው አልነበረም። አጎቴ ደስተኛ ስለሆነ ስኳር እንኳ አስልኮልኛል። ሰሞኑን ሻንጣው አጭር አጭር ነበር የሚደውለው፤ «ደረስኩ»፣ «ልምምድ ጀመርን»፣ ከዚያ ጸጥ። ያቺን መስኮት እያየሁ የተዋቸውን ከተሞች ሁሉ አስባለሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ እንደ እኔ ሻይ ቀድታ ያሳለፈች ሴት ትኖር ይሆን? ሰው መሄድ ከለመደ ለመደ ነው፤ እኔ ምን ልዩ ነገር አለኝ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ስበላ ሰነበትኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ በክራንች መራመድ ጀምራ ደስ ብሏታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ያስተጋባል፤ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለ ይመስላል። ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«እማማ ደረጃ መውጣት ይችላሉ?» አለኝ።

«ምን?»

«ደረጃ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ሁለት መኝታ አለው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ኩሽናውም ጥሩ ነው። ከሰሞኑ ያላየሁት ቤት የለም፤ ልምምድ እንዳለቀ ቤት ፍለጋ ነው የምሮጠው። ይኼ ነው የተሻለው፤ ግን ደረጃው ብዙ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ በሆቴል የኖረ ሰው ስለ ኩሽና ያወራኛል።

«አለሽ?»

«አለሁ። አትችልም» አልኩት። «ደረጃ አትችልም።»

አጠገቡ ላለው ሰው በተሰባበረ ቋንቋ አንድ ነገር ነገረው፤ ከዚያ ሲወርድ ይሰማኛል። «እንግዲያው ይኼ አይሆንም። ምድር ቤት እፈልጋለሁ።»

«እዚያስ ቢያባርሩህ?»

ኮቴው ቆመ።

«ያኔም» አለ፣ «በምሄድበት ምድር ቤት እፈልጋለኋ።»