አውድማ የዞረችው ፒክአፕ

ፒክአፗ ዳገቱን እያቃሰተች ትወጣለች። የያምሮት አባት አድማሴ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠውታል፤ እሷ እቴ! ከፍኖተ ሰላም የተነሳ የፈረስ ጋሪ ደርሶባቸው አልፎ ሲሄድ ያምሮት በኀፍረት አንገቷን ደፋች።

«ሞተሩ አልቋል» አሉ አባቷ። «ቡሬ ላይ ለገዢው አስረክቤያት ልገላገል።»

ፒክአፗ ከተሸጠች አባቷ በሰው መኪና ሊቀጠሩ አዲስ አበባ መሄዳቸው ነው። ለፋሲካ እንኳ መምጣታቸውን እንጃ።

ቡሬ መግቢያ ላይ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ሰብለ ጋራዥ ጎራ አሉ። ሰብለ ቀልድ የማያልቅባት መካኒክ ናት። ከመሪው ሥር ገመድ ሰክታ ትንሽ ስክሪን አበራችና ያምሮትን ጠራቻት።

«ነይ እይ። ይሄ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው አየር ነው።»

አባቷ ነዳጅ ሲረግጡ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ሲለቁ ዝቅ። ያምሮት አፏን ከፍታ ቀረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተሳፈረችባት መኪና እንዲህ መሆኗን ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ትተነፍሳለች እንዴ?»

«እንዳንቺው! አየሩን የሚለካው ሴንሰር ውስጡ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለው። ኮምፒውተሩ የሽቦውን ወሬ አምኖ ነዳጅ ይሰጣል። አሁን ግን ቁጥሩ በጣም አንሷል። ወይ ሞተሩ ታፍኗል፣ ወይ ሽቦው ቆሽሾ እየዋሸ ነው። ጋሼ አድማሴ፣ አቧራ የሚይዘውን የአየር ማጣሪያ አውልቀው ነድተው ያውቃሉ?»

«እኔ? በፍጹም!»

«እስቲ ሴንሰሩን ፈትቼ ልየው።»

«ተይው አልኩሽ! ልትሸጥ ነው፤ በቃ።»

ያምሮት ግን ታውቃለች። በጥር የጎረቤታቸው የእትዬ አደይ በሬዎች ታመው ጤፋቸው ሳይበራይ ሲቀር፣ አባቷ በፒክአፗ ነዶው ላይ ሲዞሩ ዋሉ። እብቁ ማጣሪያውን ሲደፍነው «ትንሽ ትተንፍስ» ብለው አወለቁት። አምና ደግሞ እዚሁ ጋራዥ ቆመው፣ መኪናቸውን በሬ ባደረጉ ሹፌሮች ከሰብለ ጋር ሲስቁ ነበር። ታዲያ አሁን በየት አፋቸው ይናገሩት?

«እኔ ነኝ ያወለቅሁት» ልትል ቃጣት። ማን ይጠረጥራታል? ግን ስክሪኑን አየችና ተወችው። የሽቦው ውሸት ይበቃል። አባቷን ሰው ፊት ማዋረዱም አላስቻላት።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «እትዬ አደይ የዚያን ዕለት እንዴት እንደ መረቁዎት ያስታውሳሉ?»

አድማሴ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ወደ መካኒኳ ዞሩ።

«ፍቺው እስቲ፣ ሰብለ። ጤፍ አበራይቼባታለሁ።»

ሰብለ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ፈትታ በብርሃን አሳየቻቸው። ውስጧ ያለው ሽቦ እብቅ ለብሶ ቢጫ ሆኗል። ማጽጃ ረጨችበት፣ አደረቀችው፣ መልሳ ገጠመችው።

«በሉ ያስነሷት።»

ቁጥሩ ተወነጨፈ። የሞተሩ ድምፅ የጋራዡን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው፤ ያምሮትን ሰውነቷን ነዘራት። ይህን ሁሉ ብረት አስሮ የያዘው እፍ ቢሉት የሚበንን እብቅ ነበር! ሳቅም እንባም መጣባት።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው። አድማሴ ስልኩን አዩት፣ ስክሪኑን አዩት፤ ከዚያ በመስኮቱ ለያምሮት አቀበሏት።

«እስክሞክራት አንቺው አናግሪው።»

ምን እንደምትለው አልነገሯትም። ፒክአፗ ከግቢው ወጥታ ዳገቱን እየጋለበች ስትወጣ ያምሮት በዓይኗ ተከተለቻት፤ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልን፤ አባባ መኪናቸውን እየነዷት ነው።»