አራት ሜትር

«ካርዱን አምጪ አልኩሽ!» ሉብና የፎቶ ክበቡን በር በርግዳ ገባች።

ሲድራ የካሜራውን ካርድ ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ይዛዋለች። «ስንቴ ልንገርሽ? ጨርቁን ነው ያነሳሁት፤ እናትሽ ድንገት ገቡበት። ማሌሽ፣ ይቅርታ አልኩሽ እኮ!»

«ማሌሽሽን እዚያው ዋጪው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሉብና እናት እትዬ ዓቢዳ ጁባ ታውን ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሙቀቱ ሲብስባቸው ከሱቁ ጓሮ ገብተው፣ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸው ላይ ውሃ ያፈሳሉ። ጓሮው የሴቶች ነው፤ ወንድ ዝር አይልበትም። ሲድራ እንደ ቤት ልጅ ትገባለች፣ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ግን ካሜራ ይዛ ገባች። ፎቶው ትምህርት ቤት ተሰቀለ፦ ከፊት የተሰጣ ቢጫ ጨርቅ፣ ከኋላ ፀጉራቸውን የገለጡት እትዬ ዓቢዳ። የክበቡ አስተማሪ በማግስቱ ቢያወርዱትም ወሬው ቀድሞ ገበያ ደርሷል።

ያነሳችው ጨርቁን ይሁን እሳቸውን፣ ፎቶው ራሱ አይመሰክርም። ሲድራ በሰፊ ሌንስ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባ ስላነሳችው የቅርቡም የሩቁም እኩል ጥርት ብሏል።

«ቲቸር ወልደጊዮርጊስ ምን ነበር ያለን?» አለች ሉብና። «ፎከስ የተደረገበት ርቀት ፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። ጨርቁ አንድ ሜትር ላይ ነበር። እማ የውሃ በርሜሉ ጋ፣ አራት ሜትር ላይ። ክፈቺውና እንየዋ!»

«ፎርማት አድርጌ አጥፍቼዋለሁ።»

ይህቺም ውሸት! ልጅቷ አንዴ ጀምራለች፣ ማን ይመልሳት?

«እማ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?» ሉብና ዓይኗን በንዴት በእጅጌዋ ጠረገች። «‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ጨርቅ ስታነሳ እኔ ነኝ የገባሁባት› ትላለች። አባዬ ሲጮህባትም መልሷ ይኸው ነው። አምስት ቀን ሙሉ፣ በዚህ ሙቀት፣ ጓሮ ወጥታ አታውቅም።»

ሲድራ እትዬ ዓቢዳ ይቆጡኛል ብላ ነበር የፈራችው፤ ጥፋቷን ይሸከሙልኛል ብላ አላሰበችም። ያን ቀን ውሃው በፀጉራቸው ላይ ሲወርድ በጣም አምረውባት ነበር። ፎከሱን ከጨርቁ ወደ እሳቸው ያዞረችውም ለዚህ ነው። አምረዋል ብላ እንድታነሳቸው ግን ማን ፈቀደላት?

ካርዱን ከኪሷ አወጣች። ሲድራ የክበቡ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰካችውና የፎቶውን መረጃ ከፈተች።

የፎከስ ርቀት፦ 3.98 ሜትር።

ሉብና አነበበች። ደግማ አነበበች። «አንቺ ከይሲ!»

«እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ለአባትሽም።»

«ከኔ ጋር ግን አትሄጂም!»

ሉብና ወጥታ ቦዳ ሞተር አስቆመች፤ ሲድራ ካርዱን ከላፕቶፑ ነቅላ ተከትላት ስትወጣ ተሳፍራ ሄደች። ሞተሩ ያስነሳው አቧራ ሲድራ ፊት ላይ ተደፋ። ሲድራ ካርዱን እንደ ጨበጠች፣ በእግሯ ወደ ጁባ ታውን መንገድ ጀመረች።