ከአኻያው ሥር የወጣው ቀለበት

ይሥሐቅ ከወርቅ ቁፋሮ ወደ ሞላሌ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት ብረት ሲያገኝ የሚጮህ አንድ ማሽን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። ኋላ ግን በአንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ የጆሮ ጌጥ ጭድ ውስጥ ወድቆ ቤቱ ሲታመስ፣ በማሽኑ ፈልጎ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ወሬው ገበያውን አዳረሰ።

ጽናት የመጣችው ያን ወሬ ሰምታ ነው። ጥቁር አልለበሰችም፤ ፊቷ ግን ኀዘን የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር።

«ወንድሜ፣ ማሽኑ የብር ቀለበትም ያገኛል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ያገኛል። የት ነው የጠፋብሽ?»

«ወንዝ ዳር። የጠፋው ግን ቀለበቱ ብቻ አይደለም።»

ባሏ ትዕዛዙ በክረምት ከገበያ ሲመለስ መልካው ላይ ደራሽ ውሃ ወስዶት ነበር። የተቀመጠባት በቅሎ ሞታ ታች ተገኘች፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። እናቱ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ «ደብረ ብርሃን ላይ ያየው ሰው አለ፤ ልጄ አልሞተም» ብለው ልቅሶ እንዳይቀመጡ ከለከሉ። ፍትሐት አልተደረገም፣ ተዝካርም አልወጣም። ጽናት ሚስትም መበለትም ሳትባል በአማቷ ቤት ዓመታት አለፉ።

«የቃል ኪዳን ቀለበቱ ጠብቦት ስለነበር ከጣቱ አይወልቅም» አለችው። «ቀለበቱ ከተገኘ ቁርጤን አውቃለሁ።»

በጋ ገብቶ ወንዙ ሲጎድል አሸዋው ሰፍቶ ተገለጠ። ሥራ በፈታች ቁጥር አብረው ይወርዱ ጀመር። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ጽናት ተንበርክካ በእጇ ትቆፍራለች። የቆርቆሮ ክዳን፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ የተቆለመመ ሚስማር ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ፊቷ ይገረጣል፤ ሚስማር መሆኑን ስታይ ትንፋሿ ይመለሳል። ይሥሐቅ ይህን እያየ፣ ቀስ በቀስ አሸዋውን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

አንድ ቀን ማሽኑ እግሯ ሥር ጮኸ። ደንግጣ ዘለለች። ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ ከነጠላዋ የወደቀ መርፌ ቁልፍ አነሳ።

«ይኸው፣ የራስሽን ዕቃ አገኘሁልሽ።»

ጽናት ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሰው የሰማት ይመስል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ይሥሐቅ መርፌ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ቀለበቱን ባላገኘውስ?» አላት።

«እጠብቃለኋ።»

«እስከ መቼ?»

ዓይኗ እሱ ላይ ትንሽ ቆየና ተሰበረ። ያን ዕለት ይሥሐቅ ወደ ቤቱ የሄደው ልቡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው። ቀለበቱ ካልተገኘ እሷ የሰው ሚስት ናት። ከተገኘ ደግሞ የሞት መርዶ ነጋሪዋ እሱ ራሱ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከመልካው ርቆ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ ጎርፍ የቦረቦረው የአኻያ ሥር አጠገብ ማሽኑ ጮኸ። ጽናት እንደ ልማዷ ተንበረከከች። አሸዋውን ገለጥ ስታደርግ ብሩ አንጸባረቀ። ከቀለበቱ ጋር፣ ቀለበቱን ያደረገው ሰው እዚያው ነበር።

አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው።

ፖሊስም ካህናትም መጡ። ትዕዛዙ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በለቀስተኛው መካከል ይሥሐቅን ሲያዩት ደረታቸውን መምታት አቆሙ።

«እስከ ትናንት ልጄ በሕይወት ነበር» አሉት። «አንተ ነህ የገደልክብኝ!»

ይሥሐቅ አንገቱን ደፋ።

ተዝካሩ ወጥቶ ወራት ካለፉ በኋላ ይሥሐቅ ጽናትን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አሮጊቷ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት ቃል አጭር ነበር፤ «ልጅቷ ነፃ ናት፤ ትሂድ፣ አልያዝኳትም። እሱ ግን ደጄን አይርገጥ።»

ይሥሐቅ ሞላሌን ለቆ ሊሄድ በተነሳበት ጠዋት ጽናት መናኸሪያው ድረስ መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

«አብረሽኝ ነይ» አላት።

«ለማን ጥያቸው? ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ከእኔ በቀር ሰው የላቸውም።»

«አብረን እንጡራቸው፤ ደጃቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ።»

«ክፉ ሆነው እኮ አይደለም፣ ይሥሐቅ። አንተን ባዩ ቁጥር ልጃቸው እንደ አዲስ ይሞትባቸዋል። ስንት ጊዜ ይቅበሩት?»

ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ግባ!» እያለ ይጣራል።

«ባላገኘው ይሻለኝ ነበር» አለ ይሥሐቅ።

«እንዲህ አትበል። ባታገኘው ኖሮ እወድሃለሁ ብዬ አልነግርህም ነበር።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ይኸው፣ አሁን።»

ይሥሐቅ ዛሬ ደብረ ብርሃን ብረት ይበይዳል። የሞላሌ ሰው ሲያገኝ በመጀመሪያ ስለ ገብሱ አዝመራ፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጤና ይጠይቃል።

«ደህና ናቸው፤ ምራታቸው እንደ ሕፃን ይዛቸዋለች» ይሉታል።

«ተመስገን» ይላል። ከልቡ ነው።