በእኔ ስም የተመታው ድራም

ስለ ብዙ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ። ስለዚህኛው ግን አልዋሽም... ሆኗል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ ፈሪ አይደለሁም። እዚህ ቻናል ላይ የምትጽፉትን የጨለማ ታሪክ ሁሉ እየሳቅኩ ነው የማነበው። ድራምም ቢሆን ሳልማር ነው የምመታው፤ ሪትም እጄ ላይ ተፈጥሯል እላለሁ... ማለቴ፣ እል ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። እኔና ታላቅ እህቴ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ድራሙ የእውነት ድራም አይደለም። የጌም ነው። አራት ባለ ቀለም ጎማና አንድ የእግር ፔዳል፤ ሲመቱት "ጧ" ከማለት ሌላ ድምፅ የለውም።

የሰጡን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ሰፈሩ "እትዬ መርፌ" ይላቸዋል፣ እሳቸው እየሰሙ ግን ማንም ደፍሮ አይልም። ካረፈ አምስት ዓመት የሆነው የልጃቸው መጫወቻ ነበር። አቧራ ከሚበላው ምቱበት ብለው ሰጡን።

በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ታገናኙታላችሁ። ሚዲ ይሉታል፤ የሚቀዳው ድምፁን ሳይሆን የቱን ጎማ መቼ እንደመታችሁ ነው። አንድ ምት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን። ከዚያ ኮምፒውተሩ በእውነተኛ ድራም ድምፅ ያጫውትላችኋል።

ኃይለኛ ምት ደማቅ ቀይ ሳጥን ነው፣ ለስላሳ ምት ፈዛዛ። የኛ መጫወቻ ግን ለስላሳ የሚባል ነገር አያውቅም። ብትዳብሱትም ብትደበድቡትም ያው ቀይ ነው።

እህቴ ዘፋኝ ለሚፈልግ ባንድ የራሷን ዘፈን ልትልክ ነው፤ የመጨረሻው ሰዓት የዚያን ቀን አስራ አንድ። ድምጿን ቀድታ ጨርሳለች፣ የቀረው ድራሙ ነው። ለኔ ተዪው፣ አንቺ ሄደሽ ፀጉርሽን ተሠሪ ብዬ ሸኘኋት።

ሠላሳ ጊዜ መታሁ። ሠላሳውንም ጊዜ ሳጥኖቹ እንደተበተነ ቁልፍ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ...

ተናድጄ የድራሙን መምቻ ዱላዎች ወረወርኳቸው። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ቁምሳጥኑ ስር። መቅጃውን ሳላጠፋ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ብርጭቆው አፌ ላይ እያለ...

ጧ።

ጧ... ጧ ጧ።

"መጣሽ እንዴ?" አልኩ።

ምቱ ግን ቀጠለ።

ዘፈኑ የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። ለምን ሄደሽ አላየሽም አትበሉኝ።

ዝም ሲል ገባሁ። ክፍሉ ባዶ ነው። ዱላዎቹ የወረወርኩበት ናቸው። ፔዳሉ ግን... ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተመለሰ ነበር፣ ገና አሁን እግር ከላዩ እንደተነሳ።

ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ከሳጥኖቹ ግማሾቹ ፈዛዛ ናቸው።

ለስላሳ ምት...

ጎንበስ ብዬ ገመዱን አየሁ። ስወጣ እግሬን ጠልፎኝ ነበር። ተነቅሎ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

እህቴ የመጣችው አስር ተኩል ላይ ነው። ከፍታ ሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ከዚያ አቅፋኝ ትከሻዬን በእንባ አራሰችው።

"አንቺ ነሽ የመታሽው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አላውቅም ማለት ብቻ ነበረብኝ።

"ታዲያ ማን ይሆናል?" አልኩ።

"ድራም፦ ታናሽ እህቴ" ብላ ጻፈችበትና ላከችው።

ሰኞ መልስ መጣ፤ ወደውታል። እህቴ በደስታ ዘፈኑን በረንዳ ላይ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። በግድግዳው በኩል ሁሌ የሚሰማው የእትዬ መርፌ የስፌት መኪና... ቀጥ አለ።

ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ድራሙን ማን እንደመታው ጠየቁ። እህቴ ኮራ ብላ ወደኔ ጠቆመች።

እጄን አዩት። ቆይተው ደግሞ እግሬን።

"ፔዳሉ ላይ ለምን ትዘገዪያለሽ?" አሉ።

"ስታይሌ ነው እትዬ።"

ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ተመለሱ።

ልጃቸው ቀኝ እግሩን ያመው እንደነበር የነገረችኝ እህቴ ናት። ፔዳሉ ላይ ሁሌ ትንሽ ይዘገይ ነበር አለች። አብራው ትጫወት ስለነበር ታውቃለች። ልክ እንደሱ ነው የምትመቺው፣ ቅዳሜ ያለቀስኩትም ለዚያ ነው አለችኝ። እውነቱን ስነግራት ደግሞ፣ ዛሬ ገና ትሕትና ጀመርሽ ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት ቀን ድራሙን አልነካሁትም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። አፍሬ ነው። ለሴትየዋ ከልጃቸው የቀረችላቸው ያቺ መዘግየት ናት... እሷንም የኔ ናት ብዬ ነጠቅኳቸው። ያውም ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ግቢ አሉኝ።

ወንበራቸው ላይ ሁለቱንም እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የስፌት መኪናው አለ። ጨርቅ የለበትም። መርፌው ክር የለውም።

"እትዬ... ድራሙን የመታሁት እኔ አይደለሁም። ገመዱም ተነቅሎ ነበር። ዋሽቼዎት ነው።"

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳይነቅሉ።

ወደሚያዩበት አየሁ።

የመኪናው መርገጫ ብቻውን ይወርዳል... ይነሳል። ይወርዳል... ትንሽ ይዘገያል... ይነሳል።

"እኔ እኮ... እኔ አይደለሁም" አልኩ እንደገና።

"አውቃለሁ" አሉ። "አንቺ እንኳንስ ድራም፣ በር ማንኳኳትም አትችዪም።"